በ40 ደቂቃ፣ ለ60 ተማሪ፦ ቤተ ሙከራው ለምን ይቆለፋል?

ይህን የመድረክ ውይይት ክር የከፈትኩት በአንድ ጥያቄና በአንድ አቋም ነው። ጥያቄው፦ በተራ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ ተቀምጦ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ሆኖ፣ የቧንቧ ውኃም ሳይኖር፣ ተማሪ በገዛ እጁ የሚሠራው ሙከራ እንዴት ይካሄዳል? አቋሜ፦ መምህር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ከሚያሳያቸው 20 ሙከራዎች ተማሪ በእጁ የሚሠራቸው 4 ይበልጣሉ። አራቱን ዘረዘርኩ፤ ፔንዱለም፣ በአቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ መለካት፣ የሽንኩርት ሴል በማይክሮስኮፕ፣ የኦም ሕግ። ማበረታቻ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ልክ፣ መጠንና ነገሩ የሚበላሽበትን ቦታ ነው። መልሱ 19 ደረሰ፤ እንደ አመጣጡ አሰፍረዋለሁ።

መልስ 1። አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ምስጋና አስቀድመው፣ በአቋሙ እንደሚስማሙ ገልጸው በቀጥታ ወደ ሽንኩርቱ ገቡ። ቀይ ሽንኩርት አራት ቦታ ተሰንጥቆ ከአንዱ ንብርብር ውስጠኛ ጎን ስሱ ሽፋን በወረንጦ ይላጣል፤ 5 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ስላይዱ (ናሙና የሚዘረጋበት መስታወት) ላይ ቀድሞ የውኃ ጠብታ ይቀመጣል፣ ሽፋኑ ሳይታጠፍ ይዘረጋበታል፣ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን በውኃ ቀጥኖ አንድ ጠብታ ይጨመራል። ከቨር ስሊፑ (ከላይ የሚሸፍነው ስስ መስታወት) በአንድ ጠርዙ አርፎ በ45 ዲግሪ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከላይ ዝም ብሎ ከተጣለ አየር ይታፈናል። ተማሪው ደብተሩ ላይ ጥቁርና ወፍራም ጠርዝ ያለው ክብ ከሣለ የሣለው የአየር አረፋ ነው። የሽንኩርት ሴል እንደ ጡብ ሞላላ ነው፣ ጎን ለጎንም ይደረደራል። በ4 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ ይጀመራል፣ ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 40 ይኬዳል፤ 40 ላይ ከተደረሰ በኋላ ትልቁን ማዞሪያ የነካ እጅ ስላይዱንም ሌንሱንም ይሰብራል። በመስታወት የሚሠራውን ማይክሮስኮፕ ወደ ፀሐይ ማዞር ለዓይን አደጋ ስለሆነ ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ሰማዩ ጥግ እንዲዞር አሳሰቡ።

መልስ 2። የፊዚክስ መምህር ነው፤ ፔንዱለሙን እስከ ሥሩ በተነው። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ከ20 ሲባጎ፣ አንድ ትልቅ ዳዶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ሰዓት ያለው ስልክ ብቻ ነው። ርዝመቱ የሚለካው ሲባጎው ከታሰረበት ነጥብ እስከ ዳዶው መካከል ነው። ከቀጥታው መስመር ከ10 ዲግሪ በላይ ሳይሳብ ይለቀቃል፣ የ20 ሙሉ ዥዋዥዌ ጊዜ ይያዛል፣ በ20 ይካፈላል። ከዚያ 4 በፓይ ካሬ ተባዝቶ፣ በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለአንድ ዥዋዥዌ ጊዜ ካሬ ሲካፈል የመሬት ስበት ፍጥነት ለውጥ ይወጣል። ርዝመቱ ልክ 1 ሜትር ከሆነ 20ው ዥዋዥዌ 40.2 ሰከንድ ገደማ መፍጀት አለበት።

የዚህ መልስ ትልቁ ዋጋ ግን የስህተት መለያው ነው። ተማሪው 10.8 ካመጣ፣ ዳዶውን ሲለቅ ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ መቁጠር ጀምሯል ማለት ነው፤ የቆጠረው 20 መስሎት 19 ነው። 9.6 ካመጣ ደግሞ የለካው ሲባጎውን ብቻ ነው፣ የዳዶውን ግማሽና ቋጠሮውን ትቷል፤ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎድሎታል። ቁጥሩ ራሱ ጥፋቱን ይናገራል። እኔ በዚህ ክር ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ተማሪ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ መንስኤውን ፈልጎ ሲያገኝ ነው ትምህርቱ የተፈጸመው።

መልስ 3 አጭር ነበር። መጽሐፉ 9.8 ስለሚል 9.7 ያመጣ ተማሪ ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ሰውዬው የጠየቀው በቅንነት ቢሆንም ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁለት መልሶች የጎተተው ይኸው ነው።

መልስ 4 ጥያቄውን ወደ ከፍታ ወሰደው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ትምህርት ቤቶቻችንም ብዙዎቹ ደጋ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ስበቱን በጥቂቱ ይቀንሱታል። አዲስ አበባ ላይ እውነተኛው መጠን 9.78 አካባቢ እንጂ 9.81 አይደለም። ጸሐፊው ከዚያ ወደ ሚበልጠው ጉዳይ ተሻገረ፤ ውኃ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ 94፣ ድሬዳዋ ላይ 96 ይሆናል። ግምቱ ቀላል ነው፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ይህን ያልተነገረው መምህር ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ሲቆምበት ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፣ አዲስ ያስገዛል፣ አዲሱም 92 ላይ ይቆማል። ተማሪውም ያየውን 92 ትቶ ደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ጸሐፊው ይህን ከሁሉ የከፋ አድርጎ አየው፤ ተማሪው በዚያ ክፍለ ጊዜ የተማረው ዓይኑን አለማመንን ነው።

እኔም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቴርሞሜትር መፈተሽ ካስፈለገ የፈላ ውኃ ሳይሆን የሚቀልጥ በረዶ ነው የሚሻለው፤ ከፍታ ስለማያንቀሳቅሰው የትም ቦታ 0 ያሳያል። በረዶው ግን መፈጨትና ከራሱ ውኃ ጋር መቀላቀል አለበት።

መልስ 5 በትሕትና ጀምሮ በእርማት ጨረሰ። መልስ 4 ያለው ሁሉ ልክ ቢሆንም ለመልስ 3 ጥያቄ ምላሽ እንዳልሆነ አስረዳ። ሰው ሰዓት ሲጫን እጁ 0.2 ሰከንድ ያህል ይሳሳታል። በ40 ሰከንድ ውስጥ ይህ ግማሽ በመቶ ነው፤ ጊዜው በካሬ ስለሚገባ ውጤቱ ላይ አንድ በመቶ፣ ማለትም 0.1 ይሆናል። ስለዚህ በ20 ዥዋዥዌ 9.7 ያመጣና 9.9 ያመጣ ተማሪ እኩል ትክክል ናቸው፤ 9.78ን ከ9.81 ለመለየትም አይቻላቸውም። ለመለየት የፈለገ 100 ዥዋዥዌ ይቁጠር፣ ርዝመቱንም እስከ ሚሊ ሜትር ያንብብ። ለ9.7 ነጥብ የሚቀንስ መምህር የሚቀጣው ሐቀኛውን ነው፤ ጎበዙ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይለካ 9.8 ብሎ ይጽፍለታል።

መልስ 6 ወደ ኬሚስትሪ አዞረን። አቼቶ 5 በመቶ ከሆነ በሊትር 0.83 ሞል አሴቲክ አሲድ አለው። 10 ሚሊ ሊትር አቼቶ ተወስዶ በውኃ እስከ 100 ይሞላል። ከቀጠነው 10 ሚሊ ሊትር ተለክቶ 2 ጠብታ ፌኖልፍታሊን (በቤዝ ውስጥ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ይጨመርበታል፣ ከዚያ 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል። 8.3 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሲደርስ ሐመር ሮዝ ቀለም ታይቶ 30 ሰከንድ መቆየት አለበት። ደማቅ ሮዝ ከሆነ ከልኩ አልፏል። ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ቱቦ) ለሌለው 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ፣ መርፌው ወልቆ፣ እንደሚያገለግልና ጫፉ ውስጥ የቀረ አየር ከንባቡ ግማሽ ሚሊ ሊትር እንደሚሰርቅ አስገነዘበ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ 4 ግራም በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ መጠኑ ይዛባል። የመስታወት ክዳን ባለው ጠርሙስ ከተቀመጠ ክዳኑ ተጣብቆ ይቀራልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሻላል። ፌኖልፍታሊን ካልተገኘ የከርከዴ ውኃ መጠቀም ይቻላል አለ፤ በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ግን ለውጡ ዝግ ስለሚል አሲድና ቤዝን ለመለየት እንጂ መጠን ለመለካት አይመከርም።

መልስ 7 ላይ ድምፁ ተለወጠ። የመልስ 6ን ጸሐፊ እርስዎ እያለ ቢጀምርም በሁለተኛው አንቀጽ አንተ አለው፤ በአማርኛ መድረክ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ክሱ ከባድ ነበር። መነጽር በሌለበት፣ የሚፈስ ውኃ በሌለበት፣ 60 ልጅ ፊት ኮስቲክ ሶዳ (ያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ማቅረብ ግዴለሽነት ነው አለ። አሲድ ሲነካ ያቃጥላልና ሰው ቶሎ ይሸሸዋል፤ ቤዝ ግን ዓይን ውስጥ ሲገባ ቶሎ ሳይታወቅ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታዎቹን ደረደረ። የሶዳውን እንክብል የሚነካውና የሚበጠብጠው መምህሩ ብቻ ነው። ተማሪ የሚያገኘው የቀጠነውን 0.1 ሞላር፣ ያውም በቡድን ከ30 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ ነው። ቧንቧ ያለው 20 ሊትር ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ ሞልቶ ይቀመጣል፤ ዓይን ከተነካ 15 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይታጠባል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። መጨረሻ ላይ የጨመረው ማስጠንቀቂያ በየቤቱም ይጠቅማል፤ ከሙከራው በኋላ ዕቃውን አቼቶ ሳይለቅ በበረኪና ማጠብ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል።

ንግግሩ ቢመርም ልክ ነበር። የመልስ 6 ጸሐፊ በመልስ 8 ላይ ተመልሶ እርማቱን ተቀበለ፤ በእንክብሉ ጉዳይ ዝም ማለቱ ጥፋት እንደነበር አምኖ አንተ መባሉን ግን እንዳልወደደው በሁለት ዓረፍተ ነገር ገለጸ። ከዚያም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሌለበት ሌላ ሙከራ አቀረበ፤ ይኸኛው ከመጀመሪያው በልጦ ተገኘ።

60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ይወሰዳል። 0.1 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ሶፍት ተጠቅልሎ ውስጡ ይገባል፣ መግፊያው እስኪነካው ይገፋል፣ ከዚያ 3 ሚሊ ሊትር አቼቶ ተስቦ ጫፉ በጣት ይደፈንና ይወዘወዛል። ጋዙ መግፊያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። መግፊያው እንዳይጣበቅ በጣት እየተዞረ ይረዳል። መጽሐፉ አንድ ሞል ጋዝ በክፍል ሙቀት 24 ሊትር ይይዛል ስለሚል ተማሪው 29 ሚሊ ሊትር ይጠብቃል። አዲስ አበባ ላይ ግን 38 አካባቢ ሊያገኝ ይገባል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ሞል ጋዝ ወደ 32 ሊትር ይሰፋልና። ጥቂት ጋዝ በአቼቶው ውስጥ ስለሚሟሟና መግፊያውም ስለሚፋተግ 34 እና 35 የሚያነቡ ቡድኖች ይኖራሉ፤ ልክ ናቸው። ቤኪንግ ፓውደር መጠቀም ግን ሙከራውን ይገድለዋል። በውስጡ ስታርችና ደረቅ አሲድ ስላለ ሶዳው ከሲሶ አይበልጥም።

መልስ 9 ክሩን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው፤ አልቆጨኝም። የተግባር ትምህርት ሲባል ለምን ሲሪንጅና ሲባጎ ብቻ ይታሰባል ሲሉ አንድ አዛውንት ጠየቁ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ በነበሩት ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ጎን እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ እርሻ፣ ቤት አያያዝ፣ የንግድ ትምህርት ከጽሕፈት መኪናና ከሒሳብ መዝገብ አያያዝ ጋር ይሰጥ እንደነበር አስታወሱ። ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ቢያንስ መጋዝ ቀጥ አድርጎ መጎተት ይችል ነበር ነው ክርክራቸው።

መልስ 10 በአክብሮት፣ አባቴ እያለ፣ ግን ሳይራራ ተቃወመ። ያ ዘመን ሙያ ክፍል የገባውን ልጅ ቀለም የማይዘልቀው አድርጎ ይቆጥር እንደነበር፣ ወላጅም ልጁ ኢንዱስትሪያል አርት ሲመደብ እንደ ቅጣት ያየው እንደነበር ጻፈ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙያው ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሲወጣ መለያየቱ በግንብ ታጠረ፤ 11ኛ የሚገባው በአንድ በር፣ የማይገባው በሌላ በር ሄደ። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ከ9 እስከ 12 አንድ ሆኗል፣ የሙያ ትምህርቶችም 11ኛና 12ኛ ውስጥ ተመልሰዋል። ወርክሾፕ፣ መሣሪያና ሙያውን የያዘ መምህር ካልተከተሏቸው ግን በጠመኔ የሚሰጡ ሌሎች የቃል ትምህርቶች ይሆናሉ አለ። በኔ ግምት ፍርዱ ትክክል ነው፤ አዛውንቱን እንደ ናፋቂ ብቻ ማየቱ ግን አልተገባም።

ሁለቱን ያስታረቀው መልስ 11 ነው፤ እሱም በክርክር ሳይሆን በጣውላ። የእንጨት ሥራው ክፍል ለኬሚስትሪው ክፍል የሙከራ ቱቦ መደርደሪያ ለምን አይሠራም ብሎ ልኩን አስቀመጠ። የተለመደው ቱቦ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 150 ነው። ስለዚህ ርዝመቱ 25፣ ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 የሆነ ሁለት ጣውላ ይቆረጣል። በላይኛው ላይ 6 ቀዳዳ በ18 ሚሊ ሜትር ድሪል ይበሳል፤ ከመሐል እስከ መሐል 35 ሚሊ ሜትር። በታችኛው ላይ በዚያው ልክ ግማሽ ድረስ ብቻ ይሰረሰራል፣ የቱቦው ቂጥ ያርፍበታል። በሁለቱ መካከል 7 ሳንቲ ሜትር የሚያራርቁ ሁለት የጎን ጣውላዎች ይቆማሉ። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ድሪሉ በሌላው ጎን ሲወጣ ጣውላውን ይገነጥለዋል፤ መድኃኒቱ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ደርቦ ማሰር ነው። ሁለተኛው፣ የላይኛውና የታችኛው ቀዳዳዎች ለየብቻ ከተለኩ አይገጣጠሙም፤ ሁለቱ ጣውላዎች ተደራርበው ታስረው ምልክቱ በአንድ ጊዜ በቀጭን መሰርሰሪያ ነው የሚወጋው። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቫርኒሽ፤ ያልተቀባ እንጨት አሲድ ሲፈስበት ይጠቁራል። መልስ 9ን የጻፉት አዛውንት ከዚህ በታች አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፤ ተባረክ።

መልስ 12፣ 13 እና 14 ስለ ፈተና ነበሩ፣ የክሩም ሙቀት እዚያ ላይ ከፍ አለ። መልስ 12 ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው አለ። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ሲሪንጅ አይጠይቅም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ደቂቃ ለጥያቄ ልምምድ መዋል አለበት ባይ ነው። መልስ 13 ኬንያን ጠራ። በዚያ በ8-4-4 ሥርዓት (8 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 4 ሁለተኛ ደረጃ፣ 4 ዩኒቨርሲቲ) የማጠቃለያ ፈተና ላይ ኬሚስትሪ ሦስት ወረቀት አለው፣ ሦስተኛው 40 ነጥብ የያዘ የተግባር ወረቀት ነው፤ ተማሪው ቡሬት ይዞ ይፈተናል፣ ትምህርት ቤቱም ቤተ ሙከራውን መክፈት ግዴታው ይሆናል። ፈተና ያልጠየቀውን ማንም አያስተምርም የሚለው ሐሳብ እውነት ከሆነ መፍትሔው ፈተናው እንዲጠይቅ ማድረግ ነው አለ።

መልስ 14 በመልስ 13 ላይ በርትቶ መጣ። የተግባር ፈተና ባለበት አገር ትምህርት ቤቱ ኬሚካል እንዲያዘጋጅ ምስጢራዊ ዝርዝር አስቀድሞ ይላክለታል። ዝርዝሩን ያየ መምህር ሙከራው ምን እንደሆነ ይገምታል፣ ተማሪውም ያንኑ አንድ ሙከራ ብቻ ይሸመድዳል። ይህን ያላወቀ ሰው ስለ ኬንያ አይጻፍ ብሎ ዘጋ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር። ነጥቡ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ የሚሄድ ነው፤ ተገምቶም ቢሆን ቡሬት የያዘ እጅ ቡሬት ካልያዘው ይሻላል። ለመልስ 12 ደግሞ ማንም ያልመለሰለትን ልመልስ። ምርጫ ፈተናም ቢሆን ከግራፍ ላይ ተዳፋት አውጣ፣ አሜትሩ (የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያው) የት ይገባል፣ የትኛው ተለዋዋጭ ተይዟል ብሎ ይጠይቃል። ፔንዱለም የቆጠረ ልጅ እነዚህን ሳያጠና ያውቃቸዋል።

ከዚያ የመጣው መልስ 15 የርዕሱን ጥያቄ መለሰው። ጸሐፊው የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነው። በመጀመሪያ የኦም ሕግን በአጭሩ አቀና። አሜትር በተከታታይ እንጂ በጎን አይገባም፤ በጎን የገባ አሜትር ባትሪውን በቀጥታ ያገናኛልና ይቃጠላል። 1.5 ቮልት ድንጋይ በ10 ኦም ላይ 150 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ብዙው ርካሽ መልቲሜትር በሚሊ አምፔር ቀዳዳው 200 ብቻ ስለሚችል ሁለት ድንጋይ ከተቀጠለ ውስጡ ያለው ፊውዝ ይቆረጣል፤ ከዚያ ሜትሩ ሞቷል ተብሎ ይጣላል። የሞተው ግን የፊውዙ ክር ነው፣ ጀርባው ተፈትቶ ይቀየራል። የባትሪ አምፖልን እንደ ሬዚስተር መጠቀምም ስህተት ነው፤ ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ ስለሚያድግ ግራፉ ይታጠፋል፣ ተማሪውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ቀጥሎ የቁልፉን ነገር አነሳ። ዕቃ ትምህርት ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ መምህር ሲወስድ በሞዴል 22 ይፈርማል። 12 ቢከር የፈረመ መምህር በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ 9 ከተገኘበት የሦስቱን ዋጋ ይጠየቃል። ደመወዙን የሚያውቅ ሰው በሩን ቢቆልፍ አይፈረድበትም። ቤተ ሙከራው የተዘጋው በስንፍና ሳይሆን በፊርማ ነው። ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነው። መስታወት የሆነ ሁሉ፣ ቱቦ፣ ቢከር፣ ስላይድ፣ ከቨር ስሊፕ፣ እንደ ጠመኔ አላቂ ተብሎ ይመዝገብ፤ ማይክሮስኮፕ፣ ሚዛንና ሜትር ቋሚ ሆነው ይቆዩ። በሩ አጠገብ የስብራት መዝገብ ይሰቀል፤ ቀን፣ ክፍል፣ የተሰበረው ዕቃ፣ የመምህሩ ፊርማ። ርእሰ መምህሩ በየወሩ ያጽድቀው። በየሴሚስተሩ ከመስታወቱ አንድ አሥረኛው ቢሰበር ቤተ ሙከራው እየሠራ ነው ማለት ነው፤ አንድም ካልተሰበረ ግን ዕቃው ከካርቶኑ አልወጣም።

እኔ ክሩን ስከፍት ችግሩ የዕቃ እጥረት ነው ብዬ አስቤ ነበር። ከዚህ መልስ በኋላ እንደዚያ ማለት አልችልም። መልስ 7ን የጻፈው ሰው እንኳ፣ በዚህ ክር ላይ ለማንም ያልራራው፣ እዚህ ላይ በእርስዎ ተመልሶ ምስጋና አቀረበ።

መልስ 16 በስልክ የሚታዩ ማስመሰያ ቤተ ሙከራዎች ይበቃሉ አለ። መልስ 17 በፕላዝማ ዘመን ሙከራ በቴሌቪዥን ታይቶ እንደነበርና የማየት ችግር ያኔም እንዳልነበረ፣ የጠፋው የእጅ ሥራ መሆኑን በሁለት መስመር መለሰለት። ከዚህ በላይ አልቆየንበትም።

መልስ 18 ለ40 ደቂቃው መላ ይዞ መጣ። 60 ተማሪ በ6 ተከፍሎ 10 ቡድን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቡድን ቁጥር የተጻፈበት ትሪ ከክፍሉ በፊት ይዘጋጃል። ትሪው ላይ ያለው ዝርዝር በወረቀት ተለጥፎ ይታያል፤ ሲሰጥም ሲመለስም ይቆጠራል። 4 ደቂቃ ማደል፣ 3 ደቂቃ ማስታወቂያ፣ 18 ደቂቃ መለካት፣ 9 ደቂቃ ማስላት፣ 6 ደቂቃ መመለስና ማጽዳት። ከስድስቱ አንዱ ይለቅቃል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ርዝመት ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ዕቃውን ይጠብቃል፤ በሚቀጥለው ሙከራ ይዞራሉ። 10 ስብስብ ዕቃ ለሌለው ትምህርት ቤት አራቱ ሙከራዎች በአንድ ቀን በአራት ጥግ ይሰናዳሉ፤ ለእያንዳንዱ 3 ስብስብ ይበቃል። ቡድኖቹ በአራት ሳምንት ይሽከረከራሉ። ማይክሮስኮፑ ሁለት ብቻ ቢሆንም በዚህ አካሄድ ይዳረሳል፣ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ የሚጠጉት ከ18 አይበልጡም። ነጥቡን በተመለከተ ከ10 ተይዞ 4ቱ ለተነበበው ቁጥር በሐቅ መጻፍ፣ 4ቱ ለስህተቱ መንስኤ፣ 2ቱ ለጽዳት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ለትክክለኛ መልስ ምንም።

ለትክክለኛ መልስ ምንም የሚለው ብዙዎችን እንደሚያስቆጣ እገምታለሁ። እኔ ግን ከመልስ 5 ጋር አብሬ ሳነበው ሌላ መንገድ አይታየኝም።

መልስ 19 የባዮሎጂ መምህርቷ ናቸው፤ መልሶቹን የከፈቱትም የዘጉትም እሳቸው ሆኑ ማለት ይቻላል። የመልስ 18ን የትሪ ዝርዝር አንብበው የጎደለውን ጠቆሙ። በእያንዳንዱ ትሪ ላይ እርጥብ ጨርቅና ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ ይጨመር፤ ኩባያው ለቆሻሻ ውኃ፣ ጨርቁ ለፈሰሰው። ያለ እነሱ የመጨረሻው 6 ደቂቃ 15 ይሆናል፣ ቀጥሎ የሚገባው መምህርም በር ላይ ይቆማል።